ሥራ፦ ዳንቴል ሠሪ

የአልጋ ልብሱ የጎደለው 140 አበባ ነበር።

እናቴ ለአንዲት ሙሽራ የታዘዘችው ነው። ቀብድ ተቀብላለች። ሙሉው 320 አበባ ሲሆን እያንዳንዱ መዳፍ ያክላል፣ በነጭ የዳንቴል ክር። 180ውን ከጨረሰች በኋላ ዓይኗ እምቢ አለ። ማታ አምፖሉ ሥር ተቀምጣ አንዷን አበባ ሦስት ጊዜ ስትተረትር አየኋት። ቆጠራው እየጠፋባት ነው። «ነገ በፀሐይ እጨርሰዋለሁ» ትላለች። ነገ ደግሞ ዝናብ ነው። ጊዜው ሐምሌ 2013 ነበር።

እኔ ፌራዮ ነኝ። ሕንፃ ሲሠራ ብረት አስራለሁ። ክረምት ሲገባ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ያን ሰሞን ቤት ነበርኩ። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

«እስቲ ስጪኝ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም አንድ ቀን ትዝ ብሎን ነበር፤ ግን አላነሳነውም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መሀል ከተማ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበርን። እናቴ ዳንቴል ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰንሰለት ተምሬያለሁ። ሰንሰለት የኪሮሽ፣ በመንጠቆ የሚሠራ የዳንቴል ሥራ፣ ሀሁ ነው፤ ክሩን በኪሮሹ ጫፍ ይዞ በቀለበቱ ውስጥ ማሳለፍ፣ ከዚያ እንደገና ማሳለፍ። ከበሩ እስከ አልጋው የሚደርስ ሰንሰለት ሠርቼ ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል። አጎቴ ገባ። ኪሮሹን ከእጄ መንጭቆ «ልጁን ሴታሴት ልታደርጊው ነው?» ብሎ እናቴ ላይ ጮኸ። እሷ አልመለሰችም። ሰንሰለቱን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ ስጠጋት ክሩን ታስቀምጥ ጀመር። እኔም ወደ ኳስ ሜዳ ሄድኩ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ከእጁ ለተነጠቀ ልጅ፣ ከሰው አፍ ልትጠብቀው ብላ ልጇን ከክር ለምታርቅ እናት፣ ደግሞም ዕድሜ ልኳን ዳንቴል ሠርታ «ሥራ የለኝም» ለምትል ሴት ነው። የሦስቱም ነገር እኛ ቤት ውስጥ ደርሷል።

ጣቴ አልረሳም ነበር። የመጀመሪያው አበባ ጠማማ ሆነ፤ አምስተኛው ደህና ወጣ። ብረት ማሰርም ረድቶኛል። ጥቁር ሽቦ አጥፈህ በመስቀለኛው ታዞራለህ፣ በፒንሳ ይዘህ ትጠመዝዛለህ። ካጠበቅከው ይበጠሳል፤ ካላላኸው ብረቱ ይንሸራተታል። ልኩን እጅህ ነው የሚያውቀው። ክርም እንደዚያ ነው። እጁ የሚጠብቅ ሰው ሥራው ይኮማተራል፣ ኪሮሹ ቀለበት ውስጥ አልገባ ይላል። የላላ እጅ ያለው ደግሞ አበባው ይዝረከረካል። ጀማሪ ሁሉ አጥባቂ ነው። ስለዚህ በቀጭን የዳንቴል ክር አትጀምሩ። ወፈር ያለ የሹራብ ክር ያዙ፤ ፈካ ያለ ቀለም ይሁን፤ ኪሮሹ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ይሁን። ጥቁር ክር ጀማሪን ያስለቅሳል፤ ቀለበቱ አይታይም።

ክብ ስትሠሩ ደግሞ ቁጥር አለው። አንድ ጊዜ ጠምጥማችሁ በምታወጡት አሠራር ከመሀል 12 ከተነሳችሁ በየዙሩ 12 ትጨምራላችሁ። 24፣ 36፣ 48 እያለ ይሄዳል፤ ያኔ ጠረጴዛ ላይ ዝርግ ብሎ ይተኛል። ካሳነሳችሁ እንደ ቆብ ይጎደጉዳል። ካበዛችሁ ጫፉ ይሸበሸባል። እናቴ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ታውቀዋለች። በኋላ እንዳነበብኩት ዳይና ታይሚና የተባለች በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረች የሒሳብ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ መሸብሸብ ተጠቅማ፣ ተማሪ በእጁ ይዞ ሊያየው የሚከብደውን የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች። ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኔም ሒሳብ ነው የምሠራው በለኛ» አለች። አዎ፣ ሒሳብ ነው የምትሠራው።

አበባዎቹን እየሠራሁ በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በእሷ እጅ አንዱ 25 ደቂቃ ይፈጃል። 320ው 8,000 ደቂቃ ነው፤ 133 ሰዓት ማለት ነው። ይህ ማያያዣውን ሳይጨምር ነው። የተስማማችው በ4,500 ብር ነበር። ክሩ 1,700 ብር ወጥቶበታል። የቀረውን 2,800 ብር ለ133 ስናካፍለው በሰዓት 21 ብር ይመጣል። ያኔ እኔ በቀን 450 ብር እሠራ ነበር፤ በሰዓት 56 ብር። ከኔ የሚበልጥ ሙያ ያላት እናቴ የኔን ግማሽ እንኳን አታገኝም።

ወረቀቱን አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ እኮ ሥራ ብዬው አላውቅም፤ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የምለው» አለች። የኔና የእህቴ የትምህርት ቤት ደብተርና ዩኒፎርም ግን በዚያ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የተገዛው።

እስከዚያ ድረስ ጉዳዩ «ወንድ ዳንቴል ይሠራል ወይስ አይሠራም» የሚል ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቱን ካየሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። አጎቴ ጋቢ ይወዳል። ጋቢውን የሠራው ሸማኔ ወንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ክር ያሳልፋል፣ ቀለም ይመርጣል፣ ጥለት ይቆጥራል። አጎቴ እሱን «ባለሙያ» ይለዋል። ሽሮ ሜዳ ሂዱና እዩ፤ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጥልፍ በመኪና የሚጠልፉት ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። ሴታሴት የሚላቸው የለም። ግን ያ ጋቢ ከየት ተነሳ? ሴቶች ጥጡን ዳምጠው፣ ባዘቶውን አዘጋጅተው፣ በእንዝርት ፈትለው ነው ሸማኔው እጅ የገባው። ክሩ ያው ክር ነው። ጓዳ ውስጥ ሲሠራ የሴት ይሆናል፤ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሲወጣለት የወንድ ሙያ ይባላል። እኔ የገባኝ ይህ ነው።

ሸማኔውም ቢሆን በቀላሉ አልተከበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን፣ ሸማኔንም ቀጥቃጭንም፣ መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ለዳንቴል እስካሁን የታወጀለት ነገር የለም። በማሽን የማይሠራ ሙያ እኮ ነው። ሹራብ ማሽን ይሠራዋል፤ ሸማም እንዲሁ። እውነተኛ ኪሮሽ ግን እስከ ዛሬ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ፋብሪካ የሚያወጣው መልኩን የሚመስል ሌላ ጥልፍልፍ ነው። ሱቅ ውስጥ ርካሽ የኪሮሽ ቀሚስ ካያችሁና በእርግጥ ኪሮሽ ከሆነ፣ አንድ ሰው በእጁ ተቀምጦ ሠርቶታል።

ሙሽራዋ ዕቃዋን በጊዜ ወሰደች። እኔ ግን ኪሮሹን አላስቀመጥኩም። መስከረም ጠብቶ ሥራ ሲጀመር ቦርሳዬ ውስጥ ከፒንሳዬ ጋር አብሮ ገባ።

ከአባዶ መገናኛ መንገዱ ረጅም ነው። ጠዋት ሰልፍ አለ፣ ሃይገር ውስጥ ደግሞ መጨናነቅ። ወንበር ባገኘሁ ቁጥር እሠራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከቦርሳዬ ሳላወጣው ነበር የምሠራው፤ እጄ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡ እናት ቦርሳዬ ውስጥ ሲያዩ ቆዩና «አንድ ዘለሃል፣ ልጄ፤ ተመለስ» አሉኝ። እውነትም ዘልዬ ነበር። አወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ደብቄ ሠርቼ አላውቅም። ወንዶች ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ወያላ ግን ሦስት ቀን ካየኝ በኋላ ጠጋ ብሎ አዲስ ለተወለደች ልጁ ኮፍያ እንድሠራለት ጠየቀኝ። ከፍሎ ነው የወሰደው።

ሥራ ቦታ ከባድ ነበር። «ፌራዮው ዳንቴል ጀመረ» ተብሎ ሳምንት ተሳቀብኝ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ አልሠራም። አንዱን ጓደኛዬን «የለበስከውን ጋቢ ማን ሠራው?» ብዬ ስጠይቀው ግን ወሬው መልኩን ቀየረ። እሱም አባቱ ሸማኔ እንደነበሩና ልጆች ስለሚሰድቧቸው ሙያቸውን ትምህርት ቤት ይደብቅ እንደነበር ነገረኝ። ስለዚህ መከራከር ትታችሁ ጠይቁ። ሰው ስለራሱ ቤት ክር ማውራት ይወዳል። ደግሞ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ነገሩ ወደ ስድብና ድብድብ የሚያዘነብል ከመሰላችሁ ኪሮሹን ቦርሳ ውስጥ ክተቱትና ሂዱ። ያን ቀን ከመሥራት የናንተ ደህንነት ይቀድማል።

በጣም የረዱኝ ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። እሁድ እሁድ ብሎካችን አጠገብ ያለው ኮሙናል ቤት ውስጥ የዕድር ስብሰባ አለ። እየጠበቅን ኪሮሽ ስሠራ ሁለት ጎረምሶች ሳቁ። የሁላችንም ጋሼ የሆኑት ሰውዬ ከወንበራቸው ተነሱ። ኃይለኛ ሰው ናቸው፤ ሊቆጡኝ መሰለኝ። «እስቲ አምጣው» አሉ። ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ክሩን በግራ ሌባ ጣታቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠሙት፣ እኔ ከማደርገው በተለየ መንገድ። ከዚያ መሥራት ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቀለበቶቹ ግን እኩል ናቸው። አንድ ሙሉ ዙር ጨረሱ። ቤቱ ፀጥ አለ።

«ከርቸሌ ነው የተማርኩት» አሉ። በደርግ ጊዜ ታስረው ነበር። ኪሮሹን ከጥርስ ብሩሽ እጀታ ሲሚንቶ ላይ እየሳሉ ነው የሚያወጡት። ክሩን ያረጀ ሹራብ እየተረተሩ ያገኛሉ። ለልጃቸው ኮፍያ ሠርተው ልከዋል። «እዚያ ውስጥ ወንዶች ብቻ ነበርን። ሴታሴት የሚለን ማን ነበር?» አሉና ኪሮሹን መለሱልኝ። ከወጡ በኋላ ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። «ቤት ስገባ ባለቤቴ ነበረች የምትሠራው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ትልቁን ሥራዬን የጀመርኩት ከዚያ እሁድ በኋላ ነው።

የእናቴን የድሮ የቀበሌ መታወቂያ አገኘሁት። ሥራ በሚለው ቦታ «የቤት እመቤት» ይላል። መታወቂያውን በዳንቴል 20 እጥፍ አድርጌ ለመሥራት ወሰንኩ፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ከአርባ። አሠራሩ የሳጥን ነው። ሙሉው ሳጥን ይታያል፣ ባዶው ብርሃን ያሳልፋል። ስኩዌር ደብተር ላይ ፊደሉን በእርሳስ አጥቁሬ እቆጥራለሁ። ፊደሎቻችን ቀጥ ያለ እግር ስላላቸው ለሳጥን ይመቻሉ፤ እንደ «ዐ» እና «ፀ» ያሉት ክብ ፊደሎች ግን አስቸገሩኝ። መሞከር ለምትፈልጉ፣ የፊደሉን ቁመት ከዘጠኝ ሳጥን በታች አታድርጉት፤ አይነበብም።

ሥራ በሚለው ላይ «ዳንቴል ሠሪ» ብዬ ጻፍኩ። በፎቶው ቦታ ያቺን ሦስት ጊዜ የተረተረቻትን አበባ ሰፋሁባት። ፆታ የሚለውን ደግሞ ባዶ ተውኩት። የሚገርም ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ክር ፆታ የለውም ለማለት ነው።

እናቴ በእጇ ዳሰሰችው። ዓይኗ ቢደክምም ጣቷ ያነባል። ባዶው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

ነገርኳት።

«ሴት መሆኔማ ይጻፍ» አለች። «መቼ አፈርኩበት? የደበቁብኝ ሥራዬን ነው፣ ልጄ።»

ሁለት ቀን አሰብኩበት። ልክ ነበረች። እኔ የራሴን ቁስል ነበር በእሷ መታወቂያ ላይ የጻፍኩት። ያንን መስመር ተረተርኩ። የኪሮሽ ደጉ ነገር ይህ ነው፤ ክሩን ስትስበው ይፈታል፣ ክሩም አይባክንም። ችግሩ መስመሩ ከታች በኩል ስለነበር ከላዩ ያለው የአሥራ አንድ ቀን ሥራም አብሮ ተተረተረ። «ሴት» ብዬ ሞላሁት። በጠቅላላው አራት ወር ፈጀብኝ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ኮሙናል ቤቱ ውስጥ ነው። መስኮቱ ላይ ሰቀልነው። ከሰዓት ፀሐይ ሲገባ ፊደሎቹ ወለሉ ላይ ተጻፉ። ሴቶቹ ቆመው አነበቡት። አንዷ ጎረቤታችን የሶፋ ዳንቴሏን አምጥታ «ይሄስ ስንት ሰዓት ነው?» አለችኝ። ቁጭ ብለን አሰላን።

ከዚያ በፊት አርቲስት የሚለውን ቃል ለራሴ ብዬው አላውቅም ነበር። መካኒሳ ያለውን ዞማ ሙዚየም ማየት ረድቶኛል። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ በ2011 የተከፈተ ነው። ኤልያስ በዓለም የታወቀው በኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ በሚሠራቸው ሥራዎች ነው፤ ቀደም ሲል ግን ሸራ ላይ ክር እየሰፋ ይሠራ ነበር። ወንድ፣ መርፌና ክር፣ ትልቅ ሥዕል። ያን ቀን ከመካኒሳ አባዶ እስክደርስ ሦስት ታክሲ ያዝኩ፤ መንገዱ አልታወቀኝም።

ቀጥሎ ያለውን መናገር ይከብደኛል፤ ግን ይጠቅማችኋል። መታወቂያው ከተማ ውስጥ በአንድ የጋራ ዐውደ ርእይ ላይ ተሰቀለ። ስሙ የኔ ብቻ ነበር። ሰው ይጨብጠኛል፣ ፎቶ ያነሳኛል። «ወንድ ሆነህ!» ይሉኛል። «ጀግና ነህ» ያለኝም አለ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። አበባዋ ግድግዳው ላይ ነው፤ አሠራሩን ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንድም ሰው አልጠየቃትም። ሥራው በ28,000 ብር ተሸጠ። 133 ሰዓት ለሚፈጀው የአልጋ ልብሷ ግን 4,500 ብር፣ ለዚያውም የክሩ ዋጋ ከዚሁ ላይ ተቀንሶ።

አስቡት። እኔ የሠራሁት ድፍረት ተባለ፤ እሷ ሠላሳ ዓመት የሠራችው ጊዜ ማሳለፊያ ነበር። አንዲት ሴት ያንኑ ብትሰቅለው «ቆንጆ ዳንቴል» ብለው ያልፉት ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ ወንዶች ወደዚህ ሥራ ስንገባ ጭብጨባው ይቀበለናል። ልብ ካላልን ሙያውን ከእናቶቻችን እጅ ነጥቀን የራሳችን እናደርገዋለን፤ አጎቴ ከኔ እጅ እንደነጠቀው።

ያን ማታ ደወልኩና ስሟ እንዲጨመር ጠየቅኩ። ለቀሩት ሦስት ቀናት የሁለታችን ስም ተጻፈ። ብሩንም እኩል ተካፈልን። ከዚያ ወዲህ ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ፣ ከጎረቤታችሁ ተምራችሁ የምታሳዩ ሁሉ ስም የሚጻፈውን ከመስቀላችሁ በፊት ተነጋገሩ እላለሁ። በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ የመጀመሪያው ቀን እንግዳ ግን አይመለስም።

ለሽያጭ የምትሠሩ ደግሞ ሰዓት ያዙ። አንዱን አበባ በስልክ ለኩና በጠቅላላው አባዙት። ማያያዝና ማጠብ፣ ስታርች አድርጎ መወጠርም ይቆጠር። የክሩን ዋጋ ለብቻ ጻፉ፤ ቀብዱ ቢያንስ ክሩን ይሸፍን። የጥጥ ክር ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ሠርታችሁ እጠቡት። ዋጋ ስትናገሩ ሰዓቱን አብራችሁ ንገሩ። እናቴ አሁን «133 ሰዓት ነው» ስትል የሚከራከራት ሰው ቀንሷል። «ውድ ነው» ብሎ የሚሄድም አለ፤ ይሂድ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሙናል ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። ዘጠኝ ሴቶች፣ ሦስት ወንዶች፤ አንደኛው ጋሼ ናቸው። አንድ የ10 ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል። ሰንሰለቱ በሩ ጋ ደርሷል። ማንም አልነጠቀውም።

ባለፈው ወር እናቴ ድርሻዋን የምታስቀምጥበት ደብተር ልትከፍት ባንክ አብረን ሄድን። ፎርሙን የምትሞላው ልጅ ሳትጠይቅ «የቤት እመቤት» ብላ ልትጽፍ ጀመረች። እናቴ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «አይደለም። ዳንቴል ሠሪ ነኝ» አለች። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት፣ ከዚያ ወረቀቱን አየች። እንዲያ የሚል ምርጫ የለም። ትንሽ አሰበችና «የግል ሥራ ልበለው፣ እማማ?» አለቻት።

«በይው» አለች እናቴ። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወፍራሙን ክር አወጣች።